የመይሙና ተራ

የአብስራ በሬዲዮ የተናገረ ለት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። እናቱ ወይዘሮ ወለተሰንበት ድምፁን እስከ ጥግ ለቀው በሩን ወለል አድርገው ከፍተውት ነበርና፣ መስማት ያልፈለገውም ሰምቷል።

ሥራው እውነትም ያኮራል። ፔፕታይድ የሚባሉ፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዙ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁርጥራጮችን በኮምፒውተር ይነድፋል። የትኛው ጎናቸው ከየትኛው እንደሚገጥም አስቀድሞ ያሰላል። ውሃ ውስጥ ሲጨመሩ ማንም ሳይነካቸው ተፈላልገው ይሰለፋሉ፤ በዓይን የማይታይ ክር ይሆናሉ፤ ክሩም ተጠላልፎ ውሃውን እንደ ጄል ያረጋዋል። ቁስል ላይ ቢደረግ አዲስ ቆዳ ይዞት የሚያድግ ድጋፍ ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። ችግሩ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው በንጹሕ ውሃ ነው። በሰው ሰውነት ልክ ጨው ያለበት ውሃ ሲያገኘው ይጓጉልና እታች ይዘቅጣል። የአብስራ ይህን ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ከመሄዱ በፊት ያውቅ ነበር። ጋዜጠኛዋ «ለሕዝቡ መቼ ይደርሳል?» ስትለው ግን ምላሱ ቀደመውና «በቅርቡ» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤታቸው ሰሚራ፣ ልጇን መይሙናን ይዛ ቆማለች። የልጅቷን ክንድ የፈላ ዘይት ካቃጠለው ከርሟል።

«ዶክተርዬ፣ ያ መድኃኒትህ ደረሰ እንዴ?»

«ግቡ እትዬ ሰሚራ፣ ቁጭ በሉ» አለ የአብስራ። ቀጥሎም፣ አሁንም ሳያፍር፣ «ትንሽ ይቀረዋል» አላት።

«መጠበቁንማ እንጠብቃለን። ሆስፒታል ከጭኗ ቆዳ አንስተን እንለጥፍ ብለውኝ ነበር። ያንተን ስሰማ፣ ልጄን ለምን ሌላ ቦታ አስቆርጣታለሁ ብዬ ተራዋን ለሌላ ስጡት አልኳቸው።»

የአብስራ ክው አለ። መይሙና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ልትዘረጋለት ሞከረች፤ ጠባሳው ስቦ ያዘውና ግማሽ ላይ ቆመ።

«ከዚህ አያልፍም» አለችው።

ፊቱ ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «እትዬ፣ መድኃኒት የለም!» አለ ጮክ ብሎ። «ሰው ቀርቶ አይጥ ላይ አልተሞከረም። ጨው ሲነካው ይበላሻል። ያኔም አውቅ ነበር። ዋሸሁ።»

ትጮኽብኛለች ብሎ ጠበቀ። ሰሚራ ግን ብድግ ብላ በሩን ዘጋችው።

«ቀስ ብለህ ተናገር እንጂ፤ ደረጃው ላይ ሰው አለ።»

የልጇን እጅጌ ወደ ታች ሳበችላት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሰኞ ሄጄ እለምናቸዋለሁ። ፈርቼ ነው የተውኩት እላለሁ። ያንተን ስም አላነሳም። የሰፈራችን ልጅ ነህ፣ ሰው አይሳቅብህ።»

አይሆንም፣ አብሬሽ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ ማለት ነበረበት። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር። ከሐኪሞቹ መካከል የሚያውቁት እንዳሉ ግን ትዝ አለው።

«እሺ እትዬ» አላት፣ ዓይኑን ሳያነሳ።