ዳር የተደረደሩት ሕዋሳት

ቋ... ቋ... እያለ መጣ። ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳቀረቀረች፣ የወንድሟ ከዘራ መሆኑን ገና ከኮሪደሩ ለየችው። ባለፈው ሲመጣ በምቶቹ መካከል እንዲህ ያለ ረጅም ዝምታ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ዛሬ አትምጣ አላልኩህም?» አለች ሳትዞር።

«የሙከራ አይጦቹ ወረፋዬን እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነዋ» አለና በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

ጡንቻውን የሚበላው በሽታ ከእግሩ አልፎ እጁን ይዟል። በሽታው የጡንቻ ሕዋሳትን በምን መንገድ እንደሚገድል ደረስኩበት ያለችው እሷ ናት። ያንን መንገድ የሚዘጋ ውህድ የቀመመው ደግሞ ከከተማው ማዶ የሚሠራ ኬሚስት ነው፤ ንግግሩ ቆጠብ ቆጠብ ስለሚል «ጠብታ» ይሉታል። እሷ ዘንድ ውህዱን ያገኙት ሕዋሳት ይተርፋሉ፣ ያላገኙት ይረግፋሉ። ሆስፒታሉም ይህን ሰምቶ በሰው ላይ ሊሞክረው ተሰናድቷል፤ ወንድሟ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ጠብታ ግን በራሱ ላቦራቶሪ ቢሞክረው ቢሞክረው እምቢ አለው። በስልክ ተነታረኩ፣ ተኳረፉም። በኋላ ዕቃውን ተሸክሞ መጣና አጠገቧ ቆሞ አሠራሯን ያይ ጀመር። ሕዋሳቱ የሚያድጉት ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ በሚቀመጥ፣ እንደ እንቁላል መያዣ ጎድጎድ ጎድጎድ ባለ የፕላስቲክ ሳህን ነው። እሷ ውህዱን የሚያገኙትን ሁልጊዜ መሀል፣ የማያገኙትን ዳር ዳሩን ትደረድራለች። ከተማሪነቷ ጀምሮ እጇ የለመደው ነው።

«እስቲ ቦታ አለዋውጫቸው» አላት። ተቆጣች፤ ቢሆንም አለዋወጠቻቸው።

ያ ሳህን ነው አሁን ከፊቷ ያለው። መሀል ያሉት ውህዱን ጨርሶ ሳይቀምሱ ለምልመዋል። ዳር ያሉት ውህዳቸውን እንደ ጠጡ ረግፈዋል።

አጠገቧ የቆመው ጠብታም ጎንበስ ብሎ አየ። «ማሞቂያው ውስጥ የዳሮቹ ውሃ ቶሎ ይተናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህን ሁሉ ጊዜ የተከታተልነው ድርቀትን ነው። በሽታውን አይደለም።»

አንዴ ልድገመው ብላ ለመነችው። ድገሚው፣ ለሆስፒታሉ ግን ሙከራው እንዲቆም ዛሬውኑ እንነግራለን አላት። ወንድሟ ተቀምጦ ይሰማል።

«ከጭኔ የወሰድሽው ሥጋ ነው አይደል?» አለ።

«አዎ ጋሼ።»

«የኔዎቹ የትኞቹ ናቸው? የሞቱት ወይስ የዳኑት?»

«ሁሉም ያንተ ናቸው።»

ልይ አለ። ደግፋ አስጠጋችው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። እሷ ከኋላው ሆና እንደ አዲስ እንደሚጀምሩ፣ ሌላ ውህድ እንደሚፈልጉ፣ ጠብታም እንደማይሸሻት ታወራለች። ጠብታ ወለሉን ያያል።

ወንድሟ ቀና አለ። የኮቱን ቁልፍ ሊቆልፍ ታገለ፤ ልታግዘው እጇን ስትዘረጋ በክርኑ ገለል አደረጋት። አንዱን ቆለፈ፣ ሌሎቹን ተዋቸው። ከዘራውን አነሳና ወጣ።