ለቅጠሉ የሚበቃ ብርሃን

በድሩ ዕድሜውን በከባድ መኪና የጂቡቲን መንገድ ሲመላለስበት የኖረ ሰው ነው። ከዕለታት አንድ ቀን መሪውን ተወና ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ካለው ቤቱ ገብቶ ቁጭ አለ። ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ «መንገዱ ሰለቸኝ» ነበር። ሚስቱ ዊዳድም አመነችው። እሷ ሳሎኑ ጥግ ባስቀመጠችው የስፌት መኪናዋ ለሙሽሮችና ለሰፈር ሴቶች ዲራ የሚባለውን ቀሚስ ስትሰፋ ትውላለች፤ እሱ ከበር እስከ መስኮት ሲንጎራደድ ይውላል። ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ለራሱም ለቤቱም አይመችም። የድስት ክዳን እያነሳ ያያል፤ ደህናውን የበር ማጠፊያ ይፈታል፤ መልሶ ሲገጥመው በሩ መጮህ ይጀምራል።

ከዚህ ጣጣ የገላገለቻቸው ልጃቸው ኑርሀን ናት። አግብታ ወደ ጅግጅጋ ስትሄድ አኳሪየሟን ለአባቷ ትታለት ሄደች። የመስታወት ሣጥን ነው፤ ሥሩ ላይ ጥቁር አሸዋ፣ አሸዋው ላይ እንደ ጥብጣብ የሚረዝም የውሃ ሣርና ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል፣ በመካከሉ ደግሞ ጅራታቸውን እንደ ማራገቢያ የዘረጉ ትናንሽ ዓሦች።

«ዓሦቹን ማንም ያበላቸዋል፣ አባ» አለችው ስትሰናበተው። «አደራ የምልህ ተክሎቹን ነው።»

በድሩ አደራ አይበላም። ጠዋት ጠዋት ውሃውን እየቀነሰ በንጹሕ ይተካል። ቀትር ላይ የድሬ ፀሐይ ጣሪያውን ሲያግለው የቤቱን ማራገቢያ ከሰው ላይ አዙሮ ወደ ውሃው ይደግነዋል። ዊዳድ በላብ ተጠምቃ እየሰፋች «ዓሣ በሆንኩ!» ትላለች። ልብስ ሊያሠሩ ለሚመጡ ሴቶችም «ባሌ ጫካ ገብቷል፤ ለምሳ ብቻ ነው የሚወጣው» እያለች ታስቃቸዋለች። በልቧ ግን ደስ ብሏታል። ሰውዬው ተመልሶ ሰው ሆኗል፤ በሩም መጮህ አቁሟል።

ነገር የመጣው በመብራቱ ነው።

«ይሄ መብራት ደክሟል» አለ አንድ ምሽት።

ዊዳድ ከስፌቷ ቀና ብላ አየች። «ለእኔ ደህና ነው የሚመስለኝ።»

«አንቺ ጨርቅ እንጂ ውሃ የት ታውቂያለሽ!»

ታይዋን ገበያ ወርዶ ጠንከር ያለ መብራት ይዞ መጣ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እሱም ደከመበት፤ ሌላ ለወጠ። በመጨረሻ መጋዘን በር ላይ የሚሰቀለውን ዓይነት ፓውዛ አምጥቶ ከሣጥኑ በላይ ቸነከረው። ማታ ሲያበራው ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የውጪው መንገድ ሳይቀር ቀን ሆነ። ጎረቤታቸው መሪያም በመስኮት ብቅ ብላ «ሠርግ አለ እንዴ? ምነው ሳትጠሩን!» አለች።

አኳሪየሙ ግን ታመመ። ቅጠሎቹ አረንጓዴ ልጋግ ለበሱ፤ ቆይቶ ጠርዛቸው ላይ ጥቁር ጸጉር መሰል ነገር በቀለ። ጥብጣቡ ሣር ከጫፉ መበስበስ ጀመረ። ዓሦቹ ከብርሃኑ ሸሽተው ድንጋይ ሥር ተወሸቁ። በድሩ መስታወቱን ፈትጎ ፈትጎ ሲደክመው ቁጭ ይልና «ብርሃን አንሷቸው ነው። ይሄው ጨለማ ነው እኮ!» ይላል። ዊዳድ ደግሞ ያን ጊዜ ከፓውዛው የተነሳ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ ነው የምትሰማው።

በማግስቱ ሌላ ሊገዛ ሲነሳ ሻሿን አሠረች። «ዛሬ አብሬህ ነኝ።»

የዐብዲገኒ ሱቅ ታይዋን ውስጥ ነው፤ ከስልክና ከቻርጀር ጎን አንድ መደርደሪያ የአኳሪየም ዕቃ ይይዛል። ዐብዲገኒ በድሩን እንደ አጎቱ «አደር» እያለ ነው የሚጠራው፤ ዊዳድን ደግሞ እንደ አክስቱ «ኤዶ»። አንቱታ ድሬ ላይ ቦታ የለውም፤ ፍቅሩ ግን ሙሉ ነው።

«አደር፣ መብራት የምትገዛው ለተክሉ ነው» አለ። «ሣጥኑ ምን ያህል ጥልቅ ነው?»

በድሩ ከጣቱ ጫፍ እስከ ክርኑ አሳየው።

«ይሄ ጥልቅ አይባልም። ተክሉስ ቀይ ነው አረንጓዴ?»

«አረንጓዴ» አለች ዊዳድ ፈጠን ብላ።

«እንግዲያ መካከለኛ መብራት ይበቃዋል። ቀን ሙሉ ማብራትም የለብህም። ብርሃን ሲበዛ ተክሉ በልቶ አይጨርሰውም፤ የተረፈውን አልጌ ይበላዋል። ቅጠሉን የወረረው ልጋግ እሱ ነው። ደግሞ የድሬ ሙቀት መች አነሰንና በፓውዛ ውሃውን ትቀቅለዋለህ?»

በድሩ አልሳቀም። «ጨለማ ነው እያልኩህ ነው!»

ዐብዲገኒ ትከሻውን ነቀነቀና ሁለት መብራት ባንኮኒው ላይ አጋደመ። ሁለቱንም ሰካቸው። አንዱ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው፤ ሌላው ታጥቦ ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ አንሶላ ነጭ ሆኖ፣ ውስጥ ውስጡን ሰማያዊ ይላል። «ለተክል ነጩ ይሻላል፤ ግን ዓይን የሚወደውም አለና ራስህ ምረጥ። የቱ ደስ ይልሃል?»

በድሩ ጎንበስ አለ። አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ። አፍንጫው ሊነካቸው ምንም እስኪቀረው ድረስ ተጠጋ። ከዚያ ቀና ብሎ ተቆጣ። «አታሹፍብኝ አቦ! ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለቱም ሻይ ነው የሚመስሉት።»

ዐብዲገኒ፣ በድሩ ዋጋ ሊያስወርድ የተጠቀመበት ዘዴ መስሎት ከትከት ብሎ ሳቀ። ዊዳድ አልሳቀችም። ሰማያዊ ክር አቀብለኝ ስትለው ጥቁር ያቀበላት ትዝ አላት። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ያፈሰሰው ትዝ አላት። «ኑርሀንን ሸወዷት፤ ሰማያዊ ዓሣ ነው ብለው ቡኒ ሸጡላት» እያለ ሲያማርርም እሷ ቀልድ መስሏት ነበር። ለየብቻቸው ኢምንት የነበሩት ነገሮች በአንድ መርፌ ተሰፉ። ሰው ፊት ግን ልታነሳው አልፈለገችም፤ ክንዱን ያዝ አድርጋ «ዛሬ አንገዛም። ልኩን በደንብ ወስደን እንመለሳለን» አለች።

«መብራቱ የትም አይሸሽም፣ ኤዶ» አላት ዐብዲገኒ።

ቤት ሲገቡ ማራገቢያውን ከዓሦቹ ወደ እሱ አዞረችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«በድሩ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ዓይንህ።»

በድሩ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። «መሪውን የተውኩት ሰልችቶኝ አይደለም» አላት። «ከድንበር ከተማዋ ከደወሌ ስመለስ ከፊት የመጣ መኪና መብራቱን ሲለቅብኝ መንገዱ ጠፋኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ማንንም አልነካሁም፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ ግን መሪ መያዝ ፈራሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አባቴን አታስታውሺውም? ዓይኑ ሲጠፋ፣ ልጅ ሆኜ፣ መስጊድ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እጁን ስይዘው አንገቱን ይደፋ ነበር። ያን የመሰለ ትልቅ ሰው በልጁ ፊት ያፍራል።» ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «አንቺ እንድትመሪኝ አልፈለግኩም።»

ዊዳድ ልትቆጣም ልታለቅስም ዳዳት። የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን ሲመራህ ነው እዚህ የደረስከው?»

በድሩ ሳይወድ በግድ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሻሿን ፈትታ በጫፉ ፊቱን ጠረገችው፤ እሱም እንደ ሕፃን ልጅ ዝም ብሎ ተጠረገላት።

በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ በመሣሪያዋ አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን ስታየው ቆየችና «የዓይን ሞራ ነው» አለች። «በደንብ በስሏል። በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ሲድን ግራውን።»

«ይወጣል?» አለ በድሩ ጆሮውን ባለማመን። «እና... የአባቴም ይሄው ይሆን ነበር?»

«እሱን አሁን ማወቅ አይቻልም» አለችው ሐኪሟ በለሰለሰ ድምፅ። «ያንተን ግን አውቀዋለሁ።»

ሲወጡ በድሩ ደጃፉ ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ረጅም ጊዜ ቆመ። የሚያስበው ስለ አባቱ ዓይን እንጂ ስለ ራሱ እንዳልሆነ ለዊዳድ ገብቷታል። አልቸኮለችም፤ እጁን ይዛ አብራው ቆመች። እሱም አንገቱን አልደፋም።

ቀኝ ዓይኑ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ማግስት ፋሻው ሲነሳለት ዓይኑን አጨነቆረ። መጀመሪያ የሐኪሟን ጋውን አየና «እንዲህ ነጭ ነገር አለ እንዴ!» አለ። ከዚያ ወደ ዊዳድ ዞረ። ከላይ እስከ ታች አያት።

«ይሄ ዲራሽ ሰማያዊ ነው?»

«ከተሰፋ ጀምሮ ሰማያዊ ነው።»

«ያ አላህ! ቡኒ መስሎኝ ነበር። ምነው ሁልጊዜ ከለቅሶ ቤት የመጣች ትመስላለች፣ አርጅተን ደብሯት ይሆናል ብዬ ዝም እልሽ ነበር።»

ሐኪሟ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ዊዳድ ግን መደበቅ አልቻለችም።

ቤት እንደገቡ በልማዱ ሄዶ ፓውዛውን አበራ፤ ወዲያው ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ዘለለ። «ኸረ በአላህ! ይሄን ማነው የሰቀለው?»

«ጂኒ ነው» አለች ዊዳድ። «መዶሻውንም ጂኒ ነው ያቀበለው።»

አጥፍቶ በመስኮቱ ብርሃን ተጠጋ። አንድ ዓሣ ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ ጅራቱን ዘረጋለት፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ቀጥሎ ግን የተጎዱትን ቅጠሎች አየ፤ በደንብ ሲያያቸው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ፊቱ ወደቀ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው። አደራ ብላኝ ነበር እኮ።»

ዊዳድ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ውሃው ውስጥ ከተተችና አንዱን ተክል በቀስታ ነቅላ አወጣችው። ሥሩ እንደ ክሯ ነጭ ነው። «ይሄን አየኸው?»

«አየሁት።»

«አልሞተም። እንግዲያ መቀሱን አምጣ።»

የበሰበሰውን ሁሉ ቆርጠው አወጡ። ዓይኑ ጠንከር ሲልለት ደግሞ አብረው ታይዋን ወረዱ። በዚያ ቀን ዐብዲገኒ አሳሩን አየ። በድሩ ያላስበራው መብራት የለም። «ይሄኛው ቢጫ ይበዛዋል። ይሄ ደግሞ እንደ ሐኪም ቤት ነው። ይሄን ከዚያ ጋር አስተያየው እስቲ...» ኑርሀን በስልክ ሐሳብ ልትሰጥ ብትሞክር «ዝም በይ፣ እያየሁ ነው» ብሎ ዘጋባት። በመጨረሻ ነጭ፣ ስስ፣ የማያግል፣ ብርሃኑ በአንዲት ቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚል መብራት መረጠ። ዐብዲገኒ ላቡን ጠርጎ «ዋላሂ አደር፣ ከመጀመሪያው ይሄን ነበር የምሰጥህ» አለው።

ከዐሱር ሶላት በኋላ፣ የቀኑ ሙቀት መለስ ሲል ያበሩታል፤ ከመተኛታቸው በፊት ያጠፉታል። መጀመሪያ ልጋጉ ቀነሰ። ቀጥሎ ዓሦቹ ደፍረው መሃል ላይ መዋል ጀመሩ። ዊዳድ ከእሱ ቀድማ ያየችው ነገር ነበር፤ በሰፋፊው ቅጠል እምብርት ላይ እንደ ሲጋራ ወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል። ሳትናገር ተወችው።

አመሻሽ ላይ በድሩ ወንበሩን ስቦ ሣጥኑ ፊት ተቀመጠ። እሷ የአንዲት ሙሽራ ዲራ እየዘመዘመች ነበር።

«ዊዳድ! ቅጠል አውጥቷል!»

«እኔን ስፌት ይዞኛል፤ ምን ይመስላል?»

«ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። አይደለም፣ ቆይ፤ ጫፉ ላይ ቀላ ይላል። ሊዘረጋ ነው መሰለኝ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ አለ፣ ገና ጥፍር የምታህል...»

ዊዳድ ከስፌቷ ቀና አላለችም። ሁሉን ዘርዝሮ እስኪጨርስ እያዳመጠች መዘምዘሟን ቀጠለች።