ጋሽ ጁማ ያስተካከሉት ቀን

ውጫሌ ያለው የክሊኒካችን ሰርቨር ከጦርነቱ የተረፈው የካርድ ክፍሉ ጋሽ ጁማ ማሽላ ጎተራቸው ውስጥ ስለደበቁት ነው። መጋቢት ላይ አመጡልኝና የሕሙማኑን መዝገብ የሚይዘውን ዳታቤዝ እንደገና ልጭን ተቀመጥኩ። አልጫን አለ። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም «የሚወርደው ፋይል ጊዜው ገና ነው» አለኝ። ኔትወርኩን ረገምኩ፤ ማሽላውንም ረገምኩ። ጋሽ ጁማ አጠገቤ ባይኖሩ ከዚያም የባሰ ይወጣኝ ነበር።

«አብሽሪ ኢቲሳም» አሉኝ። «እኔም ትናንት ስከፍተው ቀኑ ተዛብቶ ነበር፤ አስተካከልኩልሽ።»

ዘልዬ ቀኑን አየሁ። 2014 ይላል። የኛው 2014! ማሽኑ የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ዘንድሮ የወጣ ፋይል ሁሉ ለእሱ ገና ከስምንት ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው። ወደ 2022 አዞርኩትና እንደገና ሞከርኩ። ምንም ሳያንገራግር ተጫነ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ።

ጋሽ ጁማ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት።

«አሁን ስምንት ዓመት ወደፊት ሄደ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እስቲ ጠይቂልኝ» አሉ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፤ «እዚያ ሰላም ነው?»