ከሸክላው ውስጥ ያነጠሰው ሰው

አዜብ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷን፣ «እማዬ፣ የአባዬ ድምፅ ምን ዓይነት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። እናቷ እማዋይሽ ሽንኩርት እየከተፈች ነበርና ቀና ሳትል፣ «ጎርናና» አለቻት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ አባትየው ከሸክላ ማጫወቻው ውስጥ አነጠሰ።

እውነቱን ለመናገር እማዋይሽ የባሏን ድምፅ ረስታው ነበር። ፊቱን አልረሳችም፤ ጫማውን ሲያወልቅ ግድግዳ እንደሚደገፍም አልረሳችም። ድምፁ ግን ከሞተ በሦስተኛው ዓመት ገደማ፣ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው፣ ጠፋባት። «ጎርናና» ያለችው ልጅ ሲጠይቅ መልስ ስለሚፈልግ ብቻ ነው። ነገሩን ለንስሐ አባቷ ብትነግራቸው፣ መርሳት ኃጢአት አይደለም ብለው በመስቀላቸው ባርከው አሰናበቷት። ከሆዷ ግን አልወጣም።

ባሏ ተኮላ አናጢ ነበር። በወጣትነቱ፣ አንድ ቅዳሜ ቀን፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከአንድ የድሮ ሲኒማ ቤት ጀርባ ባለ መጋዘን አንድ ባንድ ዘፈን ሲቀዳ፣ እሱ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ እየመታ ነበር። ዘፈኑ ሲጀመር እንዳይንቀሳቀስ ስለነገሩት መሰላሉ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ሁለተኛው ግጥም አልቆ ትራምፔቱ ሲነሳ የመጋዝ ዱቄት አፍንጫው ገባና አነጠሰ። ሸክላው እንደዚያው ታተመ፤ አንዱንም ለእሱ ሰጡት። እስኪሞት ድረስ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያን ሸክላ እየከፈተ፣ «አሁን፣ አሁን፣ ይቺ እኔ ነኝ» ይል ነበር። እንግዳው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ የሰማለት አንድም ሰው የለም።

ከእማዋይሽ ጋር የተዋወቁትም ዘፈኑ በተቀዳ በማግስቱ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ገብርኤል በር ላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆማ ሳለ፣ ፀጉሩ ላይ የመጋዝ ዱቄት ያለበት ወጣት መጣ። አጠገቧ ቆመው የነበሩ አንዲት እናት ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ወጣቱም አንድ ነገር ተናገሪ አላት። እሷ፣ ሂድ ከዚህ አለችው። «አንቺው ነሽ» አለና ፈገግ አለ። እማዋይሽ ነገሩን እንደ ወንድ ወሬ ቆጥራው፣ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ምን ማለቱ እንደነበር አልጠየቀችውም።

ወደ ሸክላ ማጫወቻው እንመለስ። የማጫወቻው መርፌ ደንዝዞ ዘፈኑን ሁሉ በሹክሹክታ ማጫወት ስለጀመረ፣ እማዋይሽ ሰዓትና ራዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ሳሊህ ዘንድ ወሰደችው። ጋሽ ሳሊህ የሰዓት መጠገኛ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ካዩት በኋላ፣ ይኼ መርፌ ሳይሆን ሚስማር ነው አሏት። ከዚያም ከክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ ጫፉ አልማዝ የሆነ፣ ከቅንድብ ፀጉር የቀጠነ መርፌ አወጡ።

«የድሮው የሸክላውን አናት አናቱን ነው የሚሄደው» አሉ። «ይኼኛው ታች ይወርዳል። ታች ያለውን ሁሉ ያወጣልሻል።»

«ታች ምን አለ?»

«እሱን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። ሸክላው ያንቺ ነው።»

መርፌው የሚሰካበትን የማጫወቻውን ክንድ በጣም አቅልላ እንድታስቀምጠው፣ አቧራ እንዳታስነካውም አስጠንቅቀው ሸኟት።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ፣ አዜብ ወደ መምህራን ኮሌጅ ከሄደች በኋላ፣ እማዋይሽ አማትባ መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈችው። መጀመሪያ የተሰማት ዘፋኙ ምራቁን ሲውጥ ነው። ቀጥሎ የከበሮ መቺው ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ከዚያ የአንዱ ሆድ ሲጮህ። ከዚያም ዝናብ መጣ። በቀረጻው ዕለት ዘንቦ ኖሯል፤ ዝናቡ ከማጫወቻው ጎን ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር እማዋይሽ ሳህን አምጥታ ሥሩ አኖረች። ድሬዳዋ ዝናብ ካየች አራት ወር አልፏት ስለነበር፣ ውኃውን ለአበባዎቹ ልታደርገው አሰበች።

ሁለተኛው ግጥም አለቀ። ትራምፔቱ ተነሳ። ሰውየው ሦስት ጊዜ አነጠሰ።

«ይማርህ» አለች እማዋይሽ።

አስባበት አይደለም። አጠገቧ ሰው አነጥሶ ዝም ብላ የምታውቅ ሴት አይደለችም። ትራምፔቱ ቀጥ አለ፤ ከበሮውም ሁለት ጊዜ መትቶ ቆመ።

«ያኑርሽ» አለ ሰውየው።

«ማነው የሚያወራው?» አለ የባንዱ መሪ።

«እኔ ነኝ፤ አነጠስኩና አንዲት ሴት ይማርህ አለችኝ።»

«ማናት እሷ?»

«አላውቃትም። ጨዋ ትመስላለች።»

የባንዱ መሪ፣ የቀረው የቴፕ ክር ለአንድ ጊዜ ብቻ እንደሚበቃ፣ ስለዚህም ዘፈኑ ከመጀመሪያው እንደሚቀዳና አናጢው ውጭ እንዲጠብቅ ተናገረ። የእግር ኮቴ ተሰማ፤ በር ተከፍቶ ተዘጋ። እማዋይሽ ክንዱን ብድግ አድርጋ ከሸክላው በላይ የፀጉር ውፍረት ያህል አንጠልጥላ አቆመችው። የአባቷን ድምፅ የጠየቀችው ልጅ ገና አልሰማችም። እንደገና በሚቀዱት ላይ ተኮላ ከሌለ ደግሞ ለዘለዓለም አትሰማም።

ጋሽ ሳሊህ ዘንድ ደወለች። ባሏ ማነጠሱን፣ እሷ ይማርህ ማለቷን፣ ዘፈኑም ተበላሽቶ እሱን ማስወጣታቸውን በተራ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ዝም ልትይው ኖሯል?» አሉ።

«ኧረ እንዴት ብዬ።»

«እንግዲያው ያጠፋሽው ነገር የለም። ክንዱን እንዳንጠለጠልሽው ተዪው፤ ይጠብቁሻል።»

እውነትም ጠበቁ። አዜብ እስክትመለስ ድረስ ሰባት ሙዚቀኞች ሸክላው ውስጥ ተቀምጠው ካርታ ሲጫወቱ ዋሉ። አንደኛው ያጭበረብር ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እማዋይሽ ምሳዋን አቅርባ እንደ ልማዷ «እንብላ» ስትል፣ ሰባቱም ባንድ ድምፅ «ብሉ» አሏት፤ ያ ሆዱ የሚጮኸው ሰው ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው ያለው።

አዜብ ሰባት ሰዓት ላይ ገብታ ነገሩን ሁሉ ሰማች። ሳህኑን አየች፤ በውኃው ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። ከዚያም ወደ ጓዳ ገባችና ትናንት ከወፍጮ ቤት ከመጣው በርበሬ በጣቶቿ ጫፍ ቆንጥራ ተመለሰች።

«አዜብ፣ ጋሽ ሳሊህ አቧራ አይንካው ብለዋል።»

«እማዬ፣ ዝናብ ከወጣ በርበሬ ይገባል።»

እማዋይሽ ወደ ማጫወቻው ዞረች። መርፌውን አሳረፈች፤ አዜብም በርበሬውን ሸክላው ላይ እፍ አለችው።

የባንዱ መሪ «አንድ፣ ሁለት» አለ፤ «ሦስት» ሊል ሲል አነጠሰ። «ይማርህ» አሉ እናትና ልጅ። «ያኑራችሁ» አለ፤ ይማርህ ተብሎ አለመመለስ አይቻልም። ዘፋኙ አፉን ከፍቶ የመጀመሪያዋን ቃል በማስነጠስ ጀመራት። ትራምፔቱ ከነነፊው አነጠሰ። ከበሮ መቺው ሲያነጥስ ዱላው እጁ ላይ ስለነበር ሁሉም ማስነጠስ በከበሮ ታጀበ። ይማርህ፤ ያኑራችሁ፤ ይማርህ፤ ያኑራችሁ። በርበሬው ቤቱንም ስላዳረሰው እማዋይሽ አነጠሰች፤ ሰባቱም «ይማርሽ» አሏት፤ «ያኑራችሁ» ብላ ሳትጨርስ አዜብ ቀጠለች። አዜብ ከሳቋ የተነሳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እማዋይሽ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች አንዱንም ሰው ሳትዘል ይማርህ ትል ነበር፤ ሰው መዝለል ነውር ነው። ሸክላው እየተሽከረከረ፣ መርፌው ወደ መሀል እየተጠጋ፣ ክሩም እያለቀ ነበር።

ያን ጊዜ ከመጋዘኑ መስኮት ውጭ፣ ከዝናቡ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ አነጠሰ። ሦስተኛዋ ከሁሉም ትበልጥ ነበር።

እማዋይሽ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይማርህ» አለች አዜብ።

«ያኑርሽ።»

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ አሁን ሊስቅ እንደሆነ ሰው ድምፅ። አዜብ ወደ እናቷ ዞረች።

«ጎርናና ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ተሳስቼ ነው፣ ልጄ» አለች እማዋይሽ። አሥራ ሁለት ዓመት የተሸከመችው ነገር በዚሁ ወረደላት።

«ማነሽ አንቺ?» አለ ሰውየው ወደ መስኮቱ ተጠግቶ።

«አዜብ።»

«የማን ልጅ?»

«የአናጢው የተኮላ።»



«አናጢው ተኮላማ እኔ ነኝ። ልጅ የለኝም። ሚስትም የለኝም።»

«ገና ነህ» አለች እማዋይሽ።

«አንቺ ደግሞ ያቺ ይማርህ ያልሽኝ ነሽ። ሚስቴ ማን ናት ታዲያ?»

እማዋይሽ አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እሱ ሃያ ስድስት። ፊቷ ሲግል ተሰማት። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ገብርኤል በር ና። ከኒሙ ሥር ነጠላ ለብሳ ታገኛታለህ» አለችው።

«ገብርኤል በር ነጠላ ያልለበሰች ማን አለች?»

«ድምፄን ያዝ። ሂድና አናግራት፤ ድምፄን ትሰማለህ።»

«ነገ እንኳ አይሆንልኝም» አለ። «ይኼን ስፖንጅ እሑድ ልጨርስላቸው ቃል ገብቻለሁ።»

አዜብ ሳቋን አቆመች። የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ያዘች፤ በሰባት ዓመቷ የምትይዘው እንደዚያ ነበር። መርፌው መሀል ላይ ወዳለው ወረቀት ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል።

«በሰንበት?» አለች እማዋይሽ።

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የተናገረችው በዚያ ድምፅ ነው። ሰውየውም ገና ሳያውቃት እንደሚያውቃት ሆኖ፣ «እሺ፣ እሺ፣ እመጣለሁ» አለ።

ሌላም የምትነግረው ነበራት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ተሳፍሮ ስለማይመለስበት የጭነት መኪና። «ደግሞ» ስትል ክንዱ ጠቅ ብሎ በራሱ ተነሳና ወደ ቦታው ተመለሰ።

እንደገና አጫወቱት። ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ዝናብም፣ ሆድም፣ ወንበርም አልነበረበትም። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ የበርበሬ ሽታ ነበር። አዜብ ዘፈኑም ለካ ጥሩ ነው አለች። እማዋይሽ ሳህኑን አንስታ ዝናቡን ለአበባዎቹ አጠጣቻቸው።

በማግስቱ እሑድ እማዋይሽ ነጠላዋን ለብሳ ቅዳሴ ሄደች። ሕዝቡ ሲወጣ እሷ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆመች። አጠገቧ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ቆማ ነበር፤ የነጠላዋን ጥለት ገልብጣዋለች፤ እማዋይሽም አማቷ እስኪያርሟት ድረስ እንደዚያ ትለብስ ነበር። ፀሐዩ ከረር ያለ፣ ሰማዩም ንጹሕ ነው። ከበሩ ማዶ ግን ልብሱ በዝናብ የራሰ፣ ፀጉሩ ላይ የመጋዝ ዱቄት ያለበት፣ አፍንጫው በርበሬ እንደነካው የቀላ ወጣት፣ የሴቱን ሁሉ ድምፅ እያዳመጠ ቀስ ብሎ መጣ። እማዋይሽ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።