ከመርዶ የቀደመ ምላጭ

ወንድሜ ባየው በጥር ወር ጅቡቲ መንገድ ላይ ከነመኪናው ተገልብጦ ሲሞት፣ እናቴ ወለተሐና አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አንጎሏ ውስጥ ዕጢ መኖሩ የታወቀው በዚያው ሳምንት ነው። ባየውን ደብረ ብርሃን ቀበርነው። አጎቴ ወልደአረጋይ ከመቃብሩ ሳንርቅ ዘመዱን ሰብስቦ «ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ እስክትድን አፋችሁን ያዙ» አለ። ያዝን። እኔም ጥቁር ሳልለብስ፣ እንዳትጠረጥር ሹሩባዬን እየተሠራሁ አስታመምኳት። ስትጠይቀኝ «ጅቡቲ ሥራ ይዞ ቀርቷል፤ ሰላም ብሎሻል» እላታለሁ። ውሸት እንዲህ እንደሚቀለኝ አላውቅም ነበር።

ዕጢው እያደር አንደበቷን ያዘው። ቃል ጀምራ መሐል ላይ ይጠፋታል። በግንቦት ደብረ ብርሃን የሚከታተላት ሐኪም፣ ዶክተር ቴዎፍሎስ፣ ሕንድ አገር በሚካሄድ ጥናት ውስጥ ቦታ እንዳገኘላት ነገረን።

«እማማ፣ እስካሁን የወሰዱት መድኃኒት ዕጢው ጋ በቅጡ አልደረሰም» አላት። «የአንጎል የደም ሥር አጥር አለው። መርዝ እንዳይገባ ሲል መድኃኒቱንም ይመልሳል። እዚያ ደምዎ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ይለቃሉ። ከዚያ ራስዎ ላይ ከሚደፋ መሣሪያ በየአቅጣጫው ድምፅ ይላካል። ድምፁ ዕጢው ላይ ሲገናኝ አረፋዎቹ ይርገበገባሉ፣ አጥሩም ለጥቂት ሰዓት ይላላል። መድኃኒቱ የሚገባው ያኔ ነው።»

«ድምፁ ያደነቁራል?»

«ጆሮ አይሰማውም። ጭንቅላትዎም አይቀደድም፤ ምላጭ የሚነካው ፀጉርዎን ብቻ ነው። ፀጉር አየር ስለሚይዝ ድምፁን ያግደዋል።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። «አይሆንም» ብላ ተነሣች።

ወደ አንኮበር ቤቷ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ምክንያቷን እየተንተባተበች ነገረችኝ። «አባትሽ ሲሞት ተላጭቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የምላጨው ልጅ ሲሞትብኝ ነው። በቁሙ ባየው ላይ አላሟርትም።»

ደሜ ፈላ። ካልታከመች ክረምቱን እንደማታልፍ ሐኪሙ ለብቻዬ ነግሮኛል። እውነቱን ብነግራት ደግሞ ትላጫለች እንጂ ሕንድ አትሄድም፤ አርባውን ሰማንያውን ስትል ዕጢው ይጨርሳታል።

«ሟርት አይደለም፣ ሕክምና ነው!» ብዬ ጮህኩባት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

«እንግዲያው ባየው ይሙት በዪኝ» አለች። «ደኅና መሆኑን በእሱ ከማልሽልኝ እላጫለሁ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን ንጋቱን ገፋሁት። «ባየው ይሙት፣ ደኅና ነው» አልኳት። በሞተ ወንድሜ ማልኩ።

ሕንድ አገር በወር አንዴ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ተላጨች። መሣሪያው ውስጥ ስትገባ እኔ ከመስታወት ማዶ ቆሜ እጸልያለሁ። በመጀመሪያው ቀን አጥሩ መከፈቱን በምስል አሳዩኝ። ከሦስተኛው በኋላ ዕጢው አንሶ ተገኘ፣ አንደበቷም ተፈታ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ፈራሁም፤ ስትድን የምነግራት ነገር ነበረኝ።

መስከረም ሲጠባ አንኮበር ቤቷ ገባን። ዶክተር ቴዎፍሎስ «አሁን ትችለዋለች» አለኝ። ጎሕ ሲቀድ አጎቴ፣ የንስሐ አባቷና ጎረቤቱ ተሰብስበው በሩን አንኳኩ። እናቴ የሰዉን ብዛት ስታይ ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። «መቼ ነው?» ብቻ አለች።

«በጥር» አለ አጎቴ።

ጮኸች። ፀጉሯን ልትነጭ ሁለት እጇን ሰደደች፤ ጣት የሚይዘው አልነበረም። ደጋግማ ራሷን ዳሰሰች።

«ለሕክምና ጨረስኩት» አለች። «ሥርጉት፣ ለልጄ ምኔን ልላጭለት?»

እግሯ ላይ ወደቅሁ። «እንድትኖሪልኝ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

ሹሩባዬን ከትከሻዬ ላይ አንሥታ አየችው። «ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ተሠርተሽ ዞርሽ?»

«አዎ።»

«ልቅሶሽንስ የት አደረግሽው?»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስተኝታ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ምላጭ አምጡልኝ» አለች። «የእሷ ለሁለታችንም ይሆናል።»