ቶሎ የሚደርቀው ቀለም

"ማን ነው ቀመሩን የነካው?" ሲል ምንይችል ከማሽኑ ድምፅ በላይ ጮኸ።

የኔአለም ጓንቷን ሳታወልቅ ዞረች። "እኔ ነኝ።"

ደብረ ማርቆስ ዳር በተከፈተው የሶላር ፋብሪካ ቀለም ቀማሚ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው። ፔሮቭስካይት የሚባለውን፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ቀለም እሷ ትቀምማለች፤ ማሽኑ ደግሞ መስኮት በሚያህል መስታወት ላይ ይቀባዋል። ጥፍር በምታህል መስታወት ሲሞከር ያማረው ቀለም በትልቁ ላይ ዝንጉርጉር እየሆነ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሠራው ሁሉ ተጥሏል። ሥራ አስኪያጁ ምንይችል ደግሞ ጥፋተኛ መፈለግ እንጂ መፍትሔ መፈለግ አይሆንለትም።

"የውጭ ዶክተሮች የጻፉትን አንቺ በዲፕሎማሽ ልታርሚ?"

"ኢንጂነር፣ እነሱ ባሕር ጠረፍ ላይ ሆነው ነው የጻፉት። የእኛ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፈሳሹ ቶሎ ይተናል። ቀለሙ ሳይረጋ ይደርቅና ይበሳሳል። መድረቁን የሚያዘገየውን ኬሚካል ትንሽ ጨመርኩበት። ባቄላ እንኳ ዓባይ በረሃ ቶሎ ይበስላል፣ ደጋው ቁይ ላይ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።"

"ባቄላ! በዚህ ሁሉ ሚሊዮን ማሽን ፊት ባቄላ ታወሪልኛለሽ?"

ግድግዳው ሥር ጠዋት የቀባቻቸው ስድስት መስታወቶች ተደርድረዋል። አንድም ነጥብ የለባቸውም።

"ስድስቱም ፍተሻውን አልፈዋል" አለች የመስታወቶቹን ጥራት የምትለካው አለሚቱ፣ መሬት መሬት እያየች። ቀመሩ መነካቱን ለአለቃው ያሳበቀችውም እሷው ናት።

ምንይችል መስታወቶቹን አንድ በአንድ አየ። ንዴቱ ሳይበርድለት ስሌት ውስጥ ገባ። ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፣ ለየኔአለም ሦስተኛዋ። ሦስተኛ ማለት ስንብት ነው።

"ነገ ባለቤቶቹ ይመጣሉ። ይህን እቀደዋለሁ። አንቺ የጨመርሽውን መጠን ብቻ መዝገቡ ላይ ጻፊ። ያገኘሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።"

"እርስዎ?"

"ታዲያ ቀማሚዋ አገኘችው ልበላቸው? ሰው ይሳቅብኝ?"

"ሦስት ሳምንት ሲሰድቡኝ ከረሙ። ለእርጥበቱ ጥፋተኛ እኔ፣ ለመብራቱ መቆራረጥ እኔ። ሲሳካ እርስዎ?"

"ድምፅሽን ቀንሺ! ደጅ ላይ ስንት ሥራ ፈላጊ ተኮልኩሏል! መጠኑን ጻፊ፤ ስም አያስፈልግም።"

ጠላችው። ከዚህ ደመወዝ ሌላ እንደሌላት ያውቃል፤ ያንኑ ነው የያዘባት። እሷ ደግሞ በሲሪንጅ ስንት እንደጨመረች ከራሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እስክሪብቶውን ተቀበለችው።

መዝገቡ ላይ ሁለት ክፍት ቦታዎች ነበሩ፤ አንዱ ለመጠን፣ አንዱ ላዘጋጀው ሰው። በሁለተኛው ላይ ጎላ አድርጋ "የኔአለም ገብረ ኪዳን" ብላ ጻፈች። የመጠኑን ቦታ ባዶውን ትታ እስክሪብቶውን መለሰችለት።