ጠይባ ኮሌጁን ስታይ

«ይኼ ነው?» አለች ጠይባ፣ ጃንጥላዋን እንደ ጦር ወደ ሕንፃው ቀስራ።

«ይኼ ነው፣ እማ» አለች ልጇ ሸሪፋ ቀስ ብላ።

«ኮሌጅ ኮሌጅ ስትሉ የከረማችሁት ይኼ ነው?»

ዘበኛው በሩን ገና አልከፈተላቸውም። መዝጊያውን በአንድ እጁ እንደያዘ እናትና ልጅን ከራስ እስከ እግር ሲያያቸው ቆየና «ነጋዴዎች ናችሁ?» አለ። በዚያ አገር ነጋዴ ማለት እስላም ማለት ነው። ጥያቄው ስለ ሥራቸው እንዳልነበረ ሦስቱም ያውቃሉ።

«አዎ፣ ነጋዴ ነን» አለች ጠይባ። «ይህን በር ግን ብትመርቅልኝም አልወስደው።»

በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ሸሪፋም አንገቷን ደፍታ ተከተለቻት።

ግቢው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ ተከቦ የተቀመጠ ነው። ረጅሙ የድንጋይ ቤት ጣሊያን በቅሎ ያስርበት እንደነበር የአገሬው ሰው ያወራል። ጣሪያው ዝጎ ቀልቷል። የመስከረሙ ዝናብ አልወጣ ብሎ ሜዳው ጭቃ ሆኗል፤ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጥጃ ታስሮ ሣር ይግጣል። ጠይባ ጥጃውን አየችው፣ ቤቱን አየችው፣ ከዚያ ልጇን አየቻት። 

ጠይባ ከባሏ ከሙሐመድሳኒ ጋር ይጁቤ ከተማ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። የጅምላ ነጋዴዎች የሚፈሩት ባሏን አይደለም፣ እሷን ነው። ጨርቁን በሁለት ጣቷ መሐል አሸት ታደርግና «ወንፊት ነው» ካለች በቃ፣ ዋጋው ሳይወርድ ከቤቷ አይወጣም። ከአፏ ምስጋና የሰማ ሰው የለም። ሙሐመድሳኒ ሲስቅባት «አንቺ ጀነት ብትገቢ እንኳን ወንዙ ቀጠነ ትያለሽ» ይላታል።

ሸሪፋ ደብረ ማርቆስ አክስቷ ቤት ተቀምጣ አሥረኛን ጨረሰች፤ ለመምህርነት ከታጩትም መሐል ስሟ ወጣ። በዚያው ሰሞን የቁይ ከተማ ቆዳ ነጋዴዎች ለልጃቸው ለአሊ ሽማግሌ ላኩ። አሊ ከንፈሩ ትንሽ ተንጠልጥሏል እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቤቱም የሞላ ነው። ሙሐመድሳኒ ሁለት ልብ ሆኖ ሲያመነታ ከረመና ለሚስቱ «አንቺ ሄደሽ እዪው» አላት። «ከወደድሽው ትግባ። ካልወደድሽው ለቁዮቹ ዓርብ ቃሌን እሰጣለሁ።» ሸሪፋ ይህን ስትሰማ ተስፋዋ ተቆረጠ። እናቷ የምትወደው ኮሌጅ ገና አልተሠራም።

ጠይባም ብትሆን መልሷን ይዛ ነው የመጣች። ልታይ ሳይሆን «አይቼዋለሁ፣ አይሆንም» ለማለት።

ምክትል ዲሬክተሩ አቶ አስማማው ከቢሮው ወጥቶ ተቀበላቸው። ገና ጎልማሳ ነው፤ ክራባቱን አጥብቆ ስላሰረ አንገቱ የተቆጣ ይመስላል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ። ወላጅ መጥቶ ሲጎበኘን የመጀመሪያችን ነው።»

«ሌሎቹ ለምን እንዳልመጡ አሁን ገባኝ» አለችው።

የሰማ አልመሰለም። ከፊት ከፊት እየሄደ የመማሪያ ክፍሎቹን አሳያት። አንዱ ክፍል መስተዋት የለውም፣ ሌላው ጥቁር ሰሌዳው ተሰንጥቋል። በሦስተኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጃንሆይ ፎቶግራፍ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

«ጃንሆይንም አጣመማችኋቸው?»

አቶ አስማማው ደንግጦ ወንበር ላይ ወጣና ፎቶግራፉን አቃናው። ሲወርድ ሱሪው ጠመኔ በጠመኔ ሆነ። ሸሪፋ ሳቋን ለመያዝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቤተ መጻሕፍት ብሎ ያሳያት ደግሞ ትልቅ ቁም ሣጥን ነው። ተቆልፏል።

«ቁልፉስ?»

«ዲሬክተሩ ጋ ነው። እሳቸው ለስብሰባ አዲስ አበባ ወርደዋል።»

«መጻሕፍቱ ታስረው እሳቸው ይዞራሉ?»

«ሲመጡ ይከፈታል፣ እናቴ። ይህ እኮ ታላቅ የመንግሥት ተቋም ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይጁቤ የለም።»

«የለም» አለች ጠይባ። «ይጁቤ የምናስረው ሌባ ነው።»

ወጥ ቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ ነው። ማሬ የምትባል ወፍራም ሴት በርሜል የሚያክል ድስት ታማስላለች። ጠይባ ሳትጠየቅ ጭልፋውን ተቀበለቻት፣ ወጡን ወደ ላይ ቀድታ መልሳ አፈሰሰችው። እንደ ውኃ ወረደ።

«ይኼ ወጥ ነው ወይስ የድስቱ እጣቢ?»

«አንቺ መቶ ሰው መግበሽ ታውቂያለሽ?» አለች ማሬ ወገቧን ይዛ።

«አላውቅም። መቶ ሰውም ገድዬ አላውቅ።»

«እንኳን አላወቅሽ! ለማንኛውም ለነጋዴ የሚሆን ሥጋ እዚህ የለም። ልጅሽን የምታስገቢ ከሆነ ይህን ዕወቂ።»

አቶ አስማማው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥጋ በሳምንት ሁለት ቀን አለ። የሚታረደው እንግዲህ በእኛ በክርስቲያኖቹ ነው። ለአንዲት ልጅ ሲባል ሌላ በሬ አይታረድም። የዚያን ቀን ያው… እንጀራው አለ።»

«በደረቁ?»

«በደረቁ።»

«ድስቷን ይዛ ብትገባስ? ሽሮዋን ራሷ ብትሠራ?»

«ደንቡ አይፈቅድም» አለ አቶ አስማማው፣ ደስ ብሎት። ደንብ የሚባል ነገር በጠራ ቁጥር ቁመቱ የሚጨምር ሰው ነበር።

ጠይባ በልቧ ጉዳዩን ጨረሰችው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ ይህም በቅሎ ማሰሪያ ውስጥ ቆሞ ታላቅ ተቋም ይላታል። የቀረው የሴቶቹን ማደሪያ አይቶ መሄድ ነው። እሱን የምታየውም ሙሐመድሳኒ «ሁሉንም አየሽው?» ብሎ ሲጠይቃት «አዎ» ለማለት ብቻ ነበር።

ማደሪያው በር ላይ አቶ አስማማው ቆመ፤ ወንድ አይገባም። ውስጡ ጠባብና ረጅም ነው፣ ከበረቱ ምንም አልተለወጠም። የብረት አልጋዎች በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፤ ፍራሾቹ ጭድ ናቸው። ልጆቹ ሁሉ ወደ ከተማ ወጥተው አንዲት ልጅ ብቻ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ሥራነሽ እባላለሁ አለች፤ አገሯ ከዲማ ማዶ ነው፣ አገሯ ደርሳ በእግሯ ስትመለስ ውኃ ቋጥሮባታል።

«እንዴት ነው እዚህ?» አለቻት ጠይባ።

«ክፉ ነው» አለች ሥራነሽ ሳታመነታ። «ብርዱ ክፉ ነው፣ ወጡ ክፉ ነው፣ ውጭ የቆመውም ሰውዬ ክፉ ነው።»

ጠይባ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው አገኘች። ከጎኗ ተቀመጠች።

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል?»

ሥራነሽ እግሯን ከውኃው አወጣችና በቀሚሷ ጫፍ ማድረቅ ጀመረች። «ባል ነበረኝ። ጎተራው ሙሉ ነው፣ በሬው ጥንድ ነው። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ እውነቱን መናገር ነው። ከማጀት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ማጀት ስል፣ አንድ ቀን ይኼ መቼ ነው የሚያልቀው ብዬ አሰብሁ። ለካ አያልቅም። የእዚህ ክፉ ግን ሁለት ዓመት ነው፤ ያልቃል።»

«እናትሽስ ምን አለች?»

«ምን ትፈልጊያለሽ ብላ አልጠየቀችኝ። እኔም አልነገርኋት። ጠፍቼ መጣሁ።»

 ጠይባ ቀና ስትል ሸሪፋን አየቻት። ልጅቷ ከመስኮቱ ሥር ካለው ባዶ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፍራሹን በመዳፏ ጫን፣ ጫን ታደርጋለች። የሚያያት ያለ አልመሰላትም። ገና ያልተሰጣትን ነገር የምትሰናበት ሰው ፊት ነበራት። ጠይባ ይህን ፊት አላወቀችውም፤ በአሥራ ሰባት ዓመት አይታው አታውቅም፣ ወይም አይታ አላስተዋለችውም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቷ ተጠይቋል፣ አጎቷ ተጠይቋል፣ እናቷ እሷም ተጠይቃለች።

«አንቺስ?» አለቻት፤ ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ሻካራ ሆኖ ወጣ። «መስኮቱ ነፋስ እኮ ያስገባል።»

ሸሪፋ እጇን ከፍራሹ አነሣች። «በካርቶን እደፍነዋለሁ» አለች።

ጠይባ ተነሥታ ወጣች።

አቶ አስማማው በሩ ላይ እየጠበቃት ነበር። አብሯት ወደ ቢሮው ሲሄድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዩት አይደል? ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ፣ ሲናገሩ የዋሉት ሁሉ እውነት ነው። ብርዱም፣ ምግቡም። ለእናንተ ወገን የሚሆን ቦታ አይደለም። ደግሞ የነጋዴ ልጅ ብትጀምረውም አትጨርሰውም፣ ባሏ መጥቶ ይወስዳታል። እርስዎ አስተዋይ ነዎት፤ ገና በሩ ላይ ገብቶዎታል። ይዘዋት ይግቡ።»

ጠይባ እርምጃዋን ገታች።

ዕድሜዋን ሙሉ ዕቃ ስታንቋሽሽ ኖራለች። ሻጭ ይቆጣል፣ ይምላል፣ ዋጋ ይቀንሳል፤ ያ ደንቡ ነው። «ልክ ነሽ፣ ክፉ ዕቃ ነው፣ አትግዢው» የሚል ሻጭ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ዕቃውን ለሌላ ሰው ያስቀመጠ።

«ለማን አስቀመጥኸው?» አለችው። እስካሁን ለክራባቱ ስትል እርስዎ ትለው ነበር።

«ምኑን?»

«አልጋውን።»

«እናቴ፣ እኔ ምን… ተጠባባቂ እኮ ብዙ ነው። የእህቴ ልጅም ብትሆን በወረፋ ነው እንጂ…» ጆሮው ቀላ። የእህቱን ልጅ ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ጠይባ ቀድማው ቢሮ ገባችና ሳትጋበዝ ተቀመጠች። ለዚህ ቤት ያላት ንቀት አንድ ጥሬ አልጎደለም። እንዲያውም ይህ ሰው ጨመረበት። የቸገራት ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ሰውና እሷን በአንድ ሐሳብ አስማምቶ የሚያሳድር ነገር ዱንያ ላይ መኖር የለበትም።

«ልጄ ትገባለች» አለች። «ድስቷን ይዛ ትገባለች።»

«ድስቱን ደንቡ…»

«ደንባችሁ የሥጋ ቀን ልጂቱ በደረቅ እንጀራ ትዋል ይላል?»

«አይልም።»

«ሽሮ አትሥራ ብሎ በስም ይከለክላል?»

«በስም… አይከለክልም።»

«እንግዲያው ዝም ብሏል። ዝም ያለ ተስማምቷል። ካልሆነ ዲሬክተሩ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ እኔ እዚሁ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ፤ የእህትህንም ልጅ አብረን እናነሣታለን።»

አቶ አስማማው የመመዝገቢያውን ቅጽና የአሻራውን ቀለም ከመሳቢያው አውጥቶ ወደ እሷ ገፋ። ጠይባ አውራ ጣቷን ነከረች፣ ባሳያት ቦታ ላይ ረገጥ አድርጋ አተመች። ከዚያ ጣቷን በጠረጴዛው ልብስ፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ ጠረገች። ጨርቁንም በዚያው አሸት አደረገችው።

«ወንፊት ነው» ብላው ወጣች።

ወደ ማደሪያው ተመለሰችና በሩ ላይ ቆመች። ሸሪፋ ነጠላዋን አስተካክላ ለመሄድ ተነሥታለች።

«እማ፣ እንሂድ?»

«እኔ ነኝ የምሄደው። አንቺ ዕቃሽን ከአክስትሽ ቤት አምጪ። አልጋውን ከዚያ መስኮት ገፋ አድርጊው፤ ካርቶን ነፋስ ያስቆማል ያለሽ ማነው?»

ሸሪፋ አልገባትም፤ ደርቃ ቀረች። ቀድማ የገባት ሥራነሽ ናት። በባዶ እግሯ እያነከሰች ሄዳ የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዘች። «ያዢ እንጂ!» አለቻት። ያን ጊዜ ሸሪፋ ልታለቅስ አፏን ስትከፍት ጠይባ እንባ ለማየት አልቆመችም።

የይጁቤው ጭነት መኪና ገበያው ዳር ሊነሣ ሲል ደረሰች። ባዘዘው የሚባለው ባለመኪና ከፊት ከጎኑ አስቀመጣት። ባዘዘው ጆሮው የሰማውን አፉ አያሳድርም፤ ጠይባ ቤቷ ሳትገባ ወሬዋ ቀድሟት እንደሚገባ፣ በማግሥቱም ቁይ እንደሚደርስ ታውቃለች። ዳገቱን ወጥተው ከተማው ከኋላቸው ሲሰወር ጠየቃት።

«እህሳ፣ ኮሌጁ እንዴት ነው?»

 በረቱ፣ የታሰሩት መጻሕፍት፣ የማሬ ወጥ፣ ያ ክራባት፣ ሁሉም የጠይባ ምላስ ጫፍ ላይ ተሰለፉ። ከመካከላቸው አንዱን ብትለቅቀው ዓርብ ሙሐመድሳኒ ቃሉን ለቁዮቹ ይሰጣል። ሁሉንም አንድ ላይ ዋጠቻቸው።

«ጥሩ ነው» አለች።

ባዘዘው መንገዱን ትቶ ዞሮ አያት። «ጥሩ አልሽ?»

«ፊትህን ወደ መንገዱ መልስ» አለችው። «ጥሩ ነው አልሁህ። ቤተ መንግሥት ነው።»